ለአዲስ ተጫዋቾች የሠራሁት ሰፈር

አውቅ ነበር። ይኼን መጀመሪያ ላይ ልበለውና ልገላገል፤ ኋላ እያድበሰበስኩ እንዳላልፈው። በዚያች ጣሪያ በሌላት ክፍል ወለል ስር የአራት ወር ሕፃን እንደተቀበረች አውቅ ነበር። በወሬ አልሰማሁም፣ ማን ነገረኝ የሚባል ነገር የለም። የነገረችኝ እናትየዋ ራሷ ናት፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ሻሂዋን እየጠጣሁ።

ሐርጌሳ የሄድኩት ከድሬዳዋ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ በሶማልኛው ከአማርኛው እኩል ነው ያደግሁት። ኮምፒውተርም ፈታትቶ መግጠም እችል ስለነበር ሥራ ለማግኘት ሳምንት አልፈጀብኝም። ከተማዋ ያኔ ከጦርነቱ ገና እያገገመች ግማሿ ግንብ ግማሿ ፍርስራሽ ነበረች። ከስደት የተመለሰው ሁሉ ይገነባል። ጎረቤትህ ይገነባል፣ የጎረቤትህ ጎረቤት ይገነባል፣ ሱቅ ሄደህ ስኳር ስትጠይቅ ባለሱቁ ስለ ብሎኬት ያወራሃል። የታጠበ ሸሚዝህን ገመድ ላይ ብታሰጣው በሲሚንቶ አቧራ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል። እኔ አሕመድ ዳጋህ የሚባለው ሰፈር አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጠርኩ። የምኖረው ግን 31 ሜይ በሚሉት ሰፈር ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ።

ኤዶ ነበር የምላት፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው በሶማልኛ። እኛ ድሬዎች «እርስዎ» ማለት አይሆንልንም፣ ለትልቅም ለትንሽም አንተና አንቺ ነን፤ እሷም ይኼን ትወድልኝ ነበር። አማርኛ የተማረችው በስደቱ ጊዜ ጅጅጋ ላይ ለሾፌሮች ሻሂ ስትሸጥ ነው። እናም አማርኛዋ የሾፌር አማርኛ ነበር። ስድቡ ሁሉ ገብቶበታል። አርፍጄ ስነሳ በሩን በመጥረጊያ እጀታ ትደበድብና «ወሪያ! ተነስ፣ ፀሐዩ ራሱ አፈረልህ!» ትለኛለች። እኔም ዝም አልልም፤ «ኤዶ፣ አንቺ ስታንኮራፊ የማን ዓይን ይከደናል?» እላታለሁ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ሁለቱም ባሕር ማዶ ናቸው። በዓል ሲሆን ስልክ ይደውላሉ። ምግብ ስትሠራ ለአንድ ሰው መሥራት ስለማትችልበት የኔን ድርሻ በሳህን ከድና በሬ ላይ ታስቀምጣለች። አሁን የለችም፣ አላህ ይርሐማት። መሞቷን የሰማሁት ድሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ቤቷ ሦስት ክፍል ነበረው። ሁለቱን አስጠግናቸዋለች። ከኋላ ያለችውን ሦስተኛዋን ግን አልነካቻትም። ግድግዳዋ እትከሻህ ድረስ ብቻ ነው የቀረው፣ ጣሪያ የላትም፣ መሐሏ ላይ የኒም ዛፍ በቅሎ ቅርንጫፉ በግድግዳው ላይ ወደ ኋለኛው መንገድ ተንጠልጥሏል። የሚገርመው በሯ አለ። ሰማያዊ የብረት በር፣ ጥይት የበሳው ቦታ በሌላ ቀለም የተደፈነ፣ ቁልፍ የተቆለፈበት። በግድግዳው ዘልለህ የምትገባበትን ክፍል በሩን መቆለፍ! የገባሁ ሰሞን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ኤዶ፣ ይቺን አስጠግኚና አከራያት እንጂ፤ እኔም ሰፋ ያለ ቤት ይድረሰኝ» አልኳት። ሁልጊዜ መልስ የማታጣዋ ሴትዮ ያን ቀን ዝም አለች። እኔ ቀልዴ አልገባትም ብዬ ደገምኩላት። አይ አለማወቅ!

የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ። ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች። «በሶማልኛ ብነግርህ አልጨርሰውም» አለችኝ። «በአማርኛ ሲሆን የሌላ ሰው ነገር ይመስለኛል።» ከተማዋ ስትደበደብ ከልጆቿ ትንሿ ሴት ነበረች፣ የአራት ወር። ትኩሳት ያዛት። ሐኪም የለም፣ መንገድ የለም፣ ደጅ መውጣት የለም። በሁለተኛው ቀን አረፈች። መቃብር መውሰድ ስላልተቻለ እሷና ባሏ የኋለኛዋን ክፍል ወለል ቆፍረው፣ በነጭ ሻሽ ገንዘው እዚያው፣ አሁን ኒሙ ከበቀለበት በስተግራ፣ ቀበሯት፤ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደሩባት። በማግስቱ ሁለቱን ወንዶች አዝለው በእግራቸው ወጡ። ባሏ ከስደት አልተመለሰም። «ወንዶቹ ትንንሽ ነበሩ፣ አያስታውሱም፤ ነግሬያቸውም አላውቅ» አለች። «ቤቱን የጠገነልኝ ያ ግንበኛ መሠረት ሊቆፍርባት ሲል ነገርኩት። አሁን ደግሞ አንተ። በቃ። ሁለታችሁ ናችሁ።» ከዚያ ሻሂውን ቀዳችልኝና ስለ ስኳር መወደድ ማውራት ጀመረች።

እውነቴን ነው፣ ያን ቀን አልቅሻለሁ። ይኼን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ያለቀሰ ሰው ራሱ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እንደሚችል ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ጌሙ፣ ወደ ኮምፒውተር ጨዋታው ልምጣ። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ከውጭ የተመለሰ ሰው ነበር፣ ግማሽ ሶማልኛ ግማሽ እንግሊዝኛ የሚያወራ፣ ፈጣን፣ ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረበት። በየአገሩ የተበተኑ የሶማሌ ልጆች በአንድ ሰርቨር ላይ ተገናኝተው የሚጫወቱት ኦንላይን ጌም ነበረው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር ይይዛል፤ ነጋዴም ይሁን ተዋጊ ወይም ሐኪም፣ በዚያ ሰው ስም ይኖራል፣ ከሌሎቹ ጋር ያወራል። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ትንንሽ ነገር ነው፤ የሚበዛው ጽሑፍ ነው፣ በሶማልኛ። ችግሩ አዲስ የሚገባው ሰው አለመቆየቱ ነበር። «ይገባሉ፣ ዞር ዞር ይላሉ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይወጣሉ» አለኝ አንድ ቀን። «አዲስ ተጫዋች የሚነሳበት ሰፈር ሞቷል። አንተ ሥራው።»

እኔ ደግሞ ሥራ ሲሰጠኝ የማላውቀውን የማውቅ መምሰል እወዳለሁ። ሁለት ሳምንት ፈጅቼ አንድ መንደር ሠራሁ፤ የድንጋይ ግንብ፣ በበረዶ የተሸፈነ ጫካ፣ ሰይፍ የሚሸጥ ባለጢም ሰውዬ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ተጫዋች ይጠብቃል፣ ስትጠጋው «እንኳን ደህና መጣህ ጀግና» ይልሃል። ሄደህ ተመልሰህ ብትመጣ አሁንም «እንኳን ደህና መጣህ ጀግና» ነው። ባለቤቱ አየውና «ይኼ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ? ቤቱ አይገባም?» ብሎኝ ሄደ። ደሜ ፈላ። ወንበሩን በእርግጫ ብዬ ወጣሁ።

ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ የውሃ ጋሪ አህያ መሐል መንገድ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ ብላለች፣ ባለጋሪው ይለምናታል፣ ከኋላው መኪና ጡሩንባ ይነፋል። ሁለት ፍየሎች የሲሚንቶ ከረጢት ይበላሉ። አንዲት ሴትዮ ከግንበኞች ጋር አቧራ በልብሴ ላይ ነፋችሁብኝ ብላ ትጣላለች። ከነዚህ ውስጥ አንዱም እኔን አልጠበቀኝም። እኔ መጣሁ አልመጣሁ ጉዳያቸው አይደለም። ለካ ሰፈር ሰፈር የሚሆነው አንተን ሳይጠብቅ ሲኖር ነው!

ከዚያ በኋላ አበድኩ ማለት ይቻላል። ደብተር ይዤ ነበር የምሄደው። በሠራሁት አዲስ ሰፈር ውስጥ ተጫዋቹ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው አህያዋን ነው፤ ወደፊት ለመሄድ መንገዱን ራሱ ፈልጎ በጎን ማለፍ አለበት። አዛን ሲል ባለሱቆቹ ዕቃቸው ላይ ጨርቅ ጣል አድርገው ይሄዳሉ፤ መጥተህ ብትጣራ የሚመልስልህ የለም፣ ትጠብቃለህ። ያቺ አቧራ የምትጠላ ሴትዮ ዛሬ ከሰደበችህ ነገ ታስታውስሃለች፤ ባልዲ ከተሸከምክላት ትስቅልሃለች። ዛሬ ጉልበትህ ድረስ የነበረ ግንብ ከሦስት ቀን በኋላ ስትገባ ደረትህ ድረስ ደርሷል። ዝናብ ሲጥል ምን እንደሚሸት ጻፍኩ። ቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚል ጻፍኩ። ሰይፉንም አወጣሁት። በሚገነባ ከተማ ውስጥ ለእንግዳ የሚሰጠው ሰይፍ አይደለም፤ አካፋ ነው። ስለዚህ አዲስ ተጫዋች ሁሉ በእጁ አካፋ ይዞ እንዲነሳ አደረግሁ። በዚህ ሐሳቤ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ባለቤቱ ግማሽ ቀን ተጫወተበት። «ቆንጆ ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ያቺን ነገር ተናገረ። «ግን ምስጢር የለውም። ሰው የሚቆየው አንድ የማያውቀው ነገር ካለ ነው። ያላየው በር ይኑር።»

ኧረ በአላህ፣ ሌላ በር ጠፍቶ ነው? ከተማው ሙሉ በር ነበር። እኔ ግን እጄ እንደ ሱሰኛ እጅ ወደ አንዱ በር ብቻ ሄደ። ጣሪያ የሌላት ክፍል። ኒሙን ጻፍኩ። የበሩን ሰማያዊ ቀለም፣ የተደፈነውን የጥይት ቀዳዳ፣ ግድግዳው ዝቅ ብሎ ቁልፉ አለመከፈቱን። በየማለዳው ዙሪያዋን የምትጠርግ፣ ውስጧ ግን የማትገባ፣ ለምን ሲሏት ዝም የምትል ሴት ጻፍኩ። ዝምታዋን ራሱ ጻፍኩት። በአማርኛ የነገረችኝን፣ የሌላ ሰው እንዲመስላት ብላ በሰው ቋንቋ የነገረችኝን፣ መልሼ በሶማልኛ ጻፍኩት።

ሕፃኗ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያን ያህል ሰው ነኝ። ይኼማ አይሆንም፣ ነውር ነው አልኩ። እናም ሕፃኗን አውጥቼ በቦታዋ ሣጥን አስገባሁ፤ ከመሸሻቸው በፊት የቀበሩት የወርቅ ሣጥን። ልጅቷን በሣጥን ለወጥኳት። ይኼን ካደረግሁ በኋላ ምስጢሯን የጠበቅሁላት መሰለኝ። አክብሮት መሰለኝ! ተጫዋቹ አካፋውን ይዞ ይገባል፣ ከኒሙ በስተግራ ይቆፍራል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያገኛል፣ ያነሳዋል። ያን ጊዜ የሚቀጥለው መንገድ ይከፈትለታል። ሳይቆፍር ከሰፈሩ መውጣት አይችልም።

ያላሰብኩት ነገር ይኼ ነው፤ ለማሰብ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። በሐርጌሳ ወርቅ ቀብሮ መሸሽ ተረት አይደለም። ሰው ሲሸሽ የሚቀበረውን ቀብሮ ነው የሸሸው፤ የሴቷ ወርቅ፣ የቤቱ ሰነድ፣ ድስቱ ሳይቀር። ተመልሶ ያገኘ አለ፣ ያጣ አለ፣ ተመልሶ ያልመጣም አለ። በየቤቱ አንድ ሰው ይኼን ሲያወራ ሰምቶ ያላደገ ልጅ የለም። ሌላ አገር የተሠራ ጌም ላይ «ቆፍር፣ ወርቅ አለ» ቢባል ጨዋታ ነው። ለነዚህ ልጆች ግን አንድ የሚያውቅ ሰው በጌም አሳብቦ የነገራቸው ወሬ ነው የሚሆነው።

ሰፈሩ ተወደደ። አዲስ የገቡት አልወጡም። ሰዎች አህያዋ አጠገብ ተሰብስበው ያወራሉ፣ ከውጭ አገር ሆነው «ይቺ የኛ መንገድ አይደለችም?» ይባባላሉ፣ አንዷ ዝናቡን ስታነብ አለቀስኩ ብላ ጻፈች። ባለቤቱ ትከሻዬን እየመታ ያመሰግነኛል። ማን እንደሠራው ኢንተርኔት ቤቱ መጥተው የሚጫወቱት አያውቁም፤ ለነሱ እኔ የሚሰናከልባቸውን ኪቦርድ የማስተካክል ሰውዬ ነኝ። እኔ ግን ከጀርባቸው ቆሜ ሲቆፍሩ አይ ነበር። ድንጋዩን ሲያነሱ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር ማየት እወድ ነበር። አስተግፊሩላህ፣ እወድ ነበር።

ከዚያ ያቺ ጁምዓ መጣች። ከመስጊድ ስመለስ ኤዶ ከፊቴ ነበረች፤ የወለደች ጎረቤት ጠይቃ እየተመለሰች። ግቢውን ከፍታ ገባች፤ ወዲያው ጩኸቷ ተሰማኝ። የሰው ጩኸት አልመሰለኝም። ሮጬ ስገባ ሦስት ጎረምሶች ከኋለኛዋ ክፍል ግድግዳ ላይ እየዘለሉ ነው። ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥሩ የለበሱ፣ ሁለቱ ለእረፍት ከውጭ የመጡ መሆናቸው ከጫማቸው የሚያስታውቅ። አንዱ እግሩ ኒሙ ላይ ተያዘና ወደኋላ ቀረ። አወቅሁት። በየቀኑ መስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው ነው። «እናቴ፣ ወርቅ አለ ተብለን ነው! አንቺን ልንሰርቅ አይደለም፣ ልናካፍልሽ ነበር!» ይላታል በልምምጥ። ከግድግዳው ማዶ ጓደኛው «ቤቱ እሱ ነው አላልኳችሁም? በሩም ሰማያዊ ነው!» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሁሉም የውሃ ሽታ ሆኑ።

በግድግዳው ላይ ወደ ውስጥ አየሁ። ከኒሙ በስተግራ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ነበር። አካፋ ወድቋል። ከጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች አንዱ ተነስቶ በጎን ተቀምጧል፣ በሱ ስር አፈር የመሰለ የጨርቅ ጫፍ ይታያል። እኔ ከጻፍኩት አንድ ስንዝር አልሳቱም። ኤዶ የተቆለፈውን በር መክፈቻ በመፈለግ ጊዜ አላጠፋችም፤ በዚያ ዕድሜዋ ግድግዳውን ዘልላ ገባች። ራሷንና ትከሻዋን የምትሸፍንበትን ልብስ አውልቃ ጉድጓዱ ላይ ዘረጋችው፣ ጫፎቹንም በድንጋይ ያዘችው። ራሷን የሸፈነ ነገር አልነበረም። ፀጉሯን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማን ነገራቸው?» አለች። ወደኔ ዞረች። «ሁለት ሰው ነው የነገርኩት።»

ይኼኔ ነበር። ይቺ ነበረች ሰዓቷ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ኤዶ፣ እኔን ትጠረጥሪኛለሽ?» አልኳት። ውሸት እንኳን አልነበረም፣ ጥያቄ ነው። ለዚያች ጥያቄ ድምፄን እንዴት እንደተበደለ ሰው እንዳለሰለስኩት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«አንተንማ አይደለም ልጄ» አለችኝ። «አንተ እዚሁ ነው የምታድረው። ብትፈልግ በየቀኑ ትቆፍር ነበር። ያ ግንበኛ ነው።»

ግንበኛው የጎንደር ሰው ነበር፣ ክርስቲያን፣ ዝምተኛ። የፊቱን አጥር የሚሠራላት እሱ ነበር፤ ጁምዓ ሥራ ስለሌለ በዚያ ቀን አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት የግንበኛ ዕቃውን፣ ቱምቢውንና ውሃ ልኩን፣ ይዞ እንደ ወትሮው መጣ። ኤዶ በር ላይ ጠበቀችው። «ወርቅ አለ ብለህ ለማን ነው ያወራኸው?» አለችው። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። አማተበና «በእመብርሃን እማማ፣ እኔ ቃል አልተነፈስኩም!» አላት። «የሞተ ሕፃን ያለበትን ወርቅ አለበት ብዬ የማወራ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እርስዎ የነገሩኝን ለሚስቴም አልነገርኩ።»

«ዕቃህን ሰብስብ» አለችው።

ለመነ። አልሰማችውም። እኔ የጥርስ መፋቂያ አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ ክፍሌ ደፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሲወጣ አጠገቤ ቆመ። «ወንድሜ፣ አንተ ታውቀኛለህ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሥራው ይቅር። ግን እንዲህ ያለ ሰው ነው ብላ አትቅር። አንድ ቃል ተናገርልኝ።»

«እሺ» አልኩት። «ትብረድና እነግራታለሁ።»

አመሰገነኝ! እጄን ይዞ አመሰገነኝና ሄደ። ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር በኩል ሌላ ሥራ ሲፈልግ እንደነበር ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። አልፈለግሁትምም። ብፈልገው ምን ልለው ነው?

ያን ቀን ከሰዓት ኢንተርኔት ቤቱ ሄድኩና ክፍሏን ከጌሙ አጠፋኋት። በሯን፣ ኒሙን፣ የምትጠርገውን ሴት፣ ሁሉንም። ስጨርስ ቀለል አለኝ፤ ተውባ፣ ንስሐ ያደረግሁ መሰለኝ፣ ሞኝ! ባለቤቱ ሲያይ ጮኸ። «ምን ነካህ? ሰው የሚወደውን ታጠፋለህ?» ተበላሽቶ ነው አልኩት። ሰኞ አስቀምጦት ከነበረው ኮፒ አውጥቶ ክፍሏን መልሶ አስገባት። መስኮቱ ሥር ያ ጎረምሳ ተቀምጦ ነበር፣ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ፤ እኔም ደፋሁ። ለባለቤቱ «አይሆንም፣ ቤቱ የሰው ቤት ነው፣ መቃብር ነው» ማለት ይጠበቅብኝ ነበር። ያን ካልኩ ግን ወሬው አንድ ቀን ሳያድር 31 ሜይ ይደርሳል። ስለዚህ ኪቦርድ አንስቼ አቧራውን መጥረግ ጀመርኩ።

ማክሰኞ ሌሎች ሁለት ልጆች አጥሩን ሊዘሉ ሲሉ ኤዶ በድንጋይ አባረረቻቸው። ያን ጊዜ ወደ ሰፈራችን ሼኽ ሄደች። ሼኹ መጥተው ቦታውን አዩ። ልጅቷ በሰላም የማትተኛ ከሆነ ወደ ሙስሊሞች መቃብር ማዛወር ይፈቀዳል አሏት። ኤዶ «እሺ» አለች። ያቺን ክፍል ሳትነካ ያቆየቻት፣ ጣሪያ ያልሠራችባት፣ በማታስፈልገው በር ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለችው ልጇ አጠገቧ እንድትሆን ነበር። ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም።

ረቡዕ ማለዳ ሼኹና አራት ጎረቤቶች መጡ። አንዱ ሊወርድ ሲል ኤዶ ከለከለችው። «አንተ ውረድ» አለችኝ። «ጎረቤቶቼ አያውቋትም። አንተ ግን ታውቃታለህ። የማያውቃት እጅ አይንካት።» ወረድኩ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። አዲስ ነጭ ጨርቅ ከላይ ተቀብዬ ያለችውን ሁሉ ከነአፈሯ ጠቀለልኩ። ምንም አትመዝንም ነበር። ሴቶች መቃብር ድረስ አይሄዱም፤ ኤዶ ሰማያዊውን በር ከፍታ እዚያው ቆማ ቀረች፣ እኔ ደረቴ ላይ አቅፌያት ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ለማንም አልሰጠኋትም። አንዱ ሊቀበለኝ ሲል ሌሎቹ «ተውት፣ እንደ እህቱ ነው የሚያያት» ተባባሉ።

ስንመለስ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ሼኹ ቁርኣን ቀሩ፣ ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን። ከዚያ ኤዶ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ እሷም ዱዓ አለኝ አለች። እዚያ አገር የእናት እርግማን ቀላል ነገር አይደለም፤ ያንን ለመስማት ነው ሁሉም የተዘጋጀው፤ እኔም ጭምር። እንዲያውም እርግማኑን ተመኘሁት። እጆቿን ዘረጋች።

«ያ ረቢ» አለች፣ በራሷ ቋንቋ፣ ሳታለቅስ። «ልጄን ለሕዝብ ያወጣት ሰው፣ ግንበኛውም ይሁን ሌላ፣ መጥቶ በአፉ ከነገረኝ እኔ ዛሬውኑ አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አንተም አውፍ በለው። ደብቆኝ ከቀረ ግን እኔ አልረግመውም። ላንተ ሰጥቼዋለሁ።»

ሰዎቹ አሚን አሉ። እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ልብሴ ላይ ያለውን አፈር እንኳን አላራገፍኩም። ኤዶ እጇን ሳታወርድ ወደኔ አየች፤ ያልተሰማው የኔ ድምፅ ብቻ ስለነበር ነው። አፌን ከፈትኩ። «ኤዶ» ልል ነበር፣ ወላሂ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«አሚን» አልኩ።